«እሺ» ሲባል ምን ተባለ? ከውጭ ዜጎች ጋር አንድ ሥራ ላይ ለሚውሉ የተዘጋጀ መመሪያ

በአንድ የሕንፃ ግንባታ ላይ አስተባባሪ በነበርኩበት ጊዜ ሁለት ሚክሰር ሙሉ ኮንክሪት መሬት ላይ ሲደፋ ቆሜ አይቻለሁ። ለውጭ አገሩ ተቆጣጣሪ መሐንዲስ የላክሁት መልእክት አጭር ነበር፦ «ነገ በ3፡00 ሙሌት አለ፤ ይገኙ»። እኛ ጠዋት በሦስት ሰዓት ብረቱን አስረን፣ ጣውላውን መትተን ጠበቅነው። እሱ ግን 3፡00 የሚለውን ያነበበው ከቀትር በኋላ ብሎ ነው። ያለ እሱ ፊርማ ሙሌት አይጀመርም፤ ስብሰባ ላይ ስለነበር ስልኩን አያነሳም፤ ኮንክሪት ደግሞ ከተቦካ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ካለፈው ተቀባይነት የለውም። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ደቂቃ ሳያዛንፍ፣ ሲደርስ የጠበቀው የደረቀ ክምር ነው። እሱ «እነዚህ ሰዎች ሥርዓት የላቸውም» አለ። እኛ «ንቆን ቀረ» አልን።

እሱም ቀጠሮውን አክብሯል፣ እኛም አክብረናል። የጎደለው አንድ ቃል ነበር፤ «ጠዋት» የሚል። ቃሉ የቀረው ሁለታችንም ነገሩ ግልጽ ነው ብለን ስላሰብን ነው። ከዚያ ወዲህ ባሳለፍኳቸው ዓመታት ከተለያየ አገር በመጡ ሰዎች መካከል ካየሁት ጠብ አብዛኛው እንዲህ ያለ ነው። ሰዎቹ ክፉ ሆነው ሳይሆን፣ ለአንዱ ከመጠን በላይ ግልጽ የሆነው ነገር ለሌላው ጭራሽ የማይታይ ሆኖ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ወደ አንድ ሥራ ይመለሳል፤ መናገር የማያስፈልገው የሚመስለውን ነገር ቀድሞ አፍ አውጥቶ መናገር።

መመሪያው በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ወይም ዱከም ባለው የምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን ከውጭ ሥራ አስኪያጅ በታች ሠራተኞችን ለሚመራ፣ አዲስ አበባ ቢሮው ሆኖ ከአውሮፓ ድርጅት ጋር ለሚሠራ፣ እንዲሁም ዱባይ ወይም ዋሽንግተን ሄዶ እንግዳው ራሱ ለሆነ ሰው ይጠቅማል።

1. በመጀመሪያው ቀን ሰዓቱንና ቀኑን አንድ ያድርጉ

የእኛ ሰዓት ከሌላው ዓለም አቆጣጠር በስድስት ሰዓት እንደሚለይ እኛ ስለለመድነው እንረሳዋለን። እንግዳው ደግሞ ሰምቶት እንኳ ቢሆን በጭንቀት ጊዜ ይረሳዋል። በቃል ስንነጋገር በልማዳችን እንናገር፤ በጽሑፍ ግን አንድ ሕግ ይኑር። በሃያ አራት ሰዓት አቆጣጠር መጻፍ እመርጣለሁ። «09፡00» ብሎ የጻፈ ሰው በዜሮዋ ምክንያት አንባቢውን ቆም ብሎ እንዲያስብ ያደርገዋል። ከጎኑ «ጠዋት» የሚለውን ቃል መጨመር ዋጋ አያስከፍልም።

ቀን ከሰዓትም ይብሳል። «10/1/2018» የሚል ደብዳቤ ለእኛ መስከረም 10 ነው፤ ይህም በእነሱ ሴፕቴምበር 20 ቀን 2025 ላይ ይውላል። ለአውሮፓዊው ጃንዋሪ 10 ቀን 2018፣ ለአሜሪካዊው ደግሞ ኦክቶበር 1 ቀን 2018 ነው። አንድ ጽሑፍ፣ ሦስት ቀን። መፍትሔው ወሩን በፊደል መጻፍና «እ.ኤ.አ.» ወይም «ዓ.ም.» ብሎ መለየት ነው። የዕቃ ማስገቢያ ሰነድና ውል ላይ ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን ያስቀምጡ።

ከሩቅ የሚሠሩ ከሆነ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። እኛ ሰዓት አንቀይርም፤ አውሮፓ ግን በማርች የመጨረሻ እሑድና በኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ ይቀይራል። ስለዚህ ከጀርመን ጋር ያለን ልዩነት በክረምታቸው ሁለት ሰዓት፣ በበጋቸው አንድ ሰዓት ነው። አሜሪካ የምትቀይርበት ቀን ከአውሮፓ ስለሚለይ በመካከሉ ባሉት ሳምንታት ሦስት አገር ያገናኘ ስብሰባ ይበላሻል። እስራኤል ውስጥ የሥራ ሳምንት የሚጀምረው እሑድ መሆኑንም ልብ ይበሉ።

2. ስምዎን ያስረዱ፣ የእነሱንም ይጠይቁ

እንግዳ ሰው ቅጽ ላይ ያየውን የመጨረሻ ስም ይዞ ይጠራዎታል፤ ያ ደግሞ የአባትዎ ወይም የአያትዎ ስም ነው። ሥራ በጀመሩ ዕለት «እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ሁለተኛው የአባቴ ስም ነው፤ እኔን በመጀመሪያው ጥሩኝ» ይበሉ። ይህን ያልተናገረ ሰው ለዓመታት በአባቱ ስም እየተጠራ በሆዱ ይቆጫል። በቻይናውያን ዘንድ በተቃራኒው የቤተሰብ ስም ይቀድማል፤ አለቃን በቤተሰብ ስሙና በማዕረጉ መጥራት የተለመደ ነው፤ «ዋንግ ጂንግሊ» ማለት «ሥራ አስኪያጅ ዋንግ» ማለት ነው። አሜሪካዊ አለቃ በመጀመሪያ ስሙ እንዲጠራ ይፈልጋል። እርስዎ «ሚስተር» እያሉ ከቀጠሉ አክብሮት ሳይሆን መራቅ ሊመስለው ይችላል።

የእኛን «አንተ» እና «እርስዎ» ጀርመኖች ወዲያው ይረዱታል፤ በቋንቋቸው «ዱ» እና «ዚ» የሚሉት ተመሳሳይ ልዩነት አላቸው። እንግሊዝኛ ብቻ የሚናገር አለቃ ግን ወጣት የቡድን መሪ በዕድሜ የሚበልጠውን ፎርማን ማዘዝ ለምን እንደሚከብደው አይገባውም። አንድ ጊዜ አስቀምጦ ማስረዳት ያስፈልጋል።

3. «እሺ»ን ይመርምሩ

ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ይህ ነው።

በእኛ አነጋገር «እሺ» ማለት ሰማሁ ይሆናል፤ ገባኝ ይሆናል፤ ተስማማሁ ይሆናል፤ እፈጽማለሁ ይሆናል፤ አንዳንዴም ክርክሩ ይብቃን ማለት ነው። እኛ ከድምፁና ከፊቱ እንለየዋለን። እንግዳው የሚሰማው አራተኛውን ብቻ ነው። «እናያለን»፣ «እሞክራለሁ»፣ «ከተሳካ» የሚሉትም እንዲሁ ናቸው። ለእኛ ጆሮ ብዙ ጊዜ ለስለስ ያለ እምቢታ ሲሆኑ፣ ለእሱ ግን ተስፋ ናቸው። ትንፋሽን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጎ «አዎ» ማለታችን እንኳ አዲስ የመጣን ሰው ያስደነግጣል፤ የሚያስፈራ ነገር የሰማን ይመስለዋል። ይህችን በመጀመሪያው ሳምንት ቢነግሩት ቀሪ ዓመቱን በሰላም ይሠራል።

ከዚህ ሁሉ ጀርባ ይሉኝታ አለ። ይሉኝታን ለውጭ ሰው ሳስረዳ «ውሸት አይደለም» ብዬ እጀምራለሁ። ሰውየው ፊት ለፊት «አልችልም» ብሎ አለቃውን ማሳፈር፣ ራሱንም ማሳፈር ስለሚከብደው መልሱን በሌላ መንገድ ይሰጣል። መልሱ አለ፤ መስማት የሚችል ጆሮ ነው የሚፈልገው። ይሉኝታ ነውር ነው ብዬ አላምንም። ሰውን ከሰው ጋር አዋድዶ ያቆየ ልማድ ነው። ነገር ግን የማስረከቢያ ቀን ያለው ሥራ ላይ ቀጥተኛ ጥያቄ ካልተጨመረበት ይጎዳል።

ታዲያ ምን ይደረግ? እርስዎ ጠያቂ ከሆኑ «ትችላለህ?» ብለው አይጠይቁ። እምቢ ለማለት የማያስገድድ በር ይክፈቱለት። አንድ ሽማግሌ ፎርማን ነበሩን። «ጋሼ፣ የሦስተኛው ፎቅ ብረት ሐሙስ ይደርሳል?» ስላቸው «ምን ችግር አለው ልጄ፣ እሺ» አሉኝ። ቀጥዬ «ሐሙስ እንዳይደርስ የሚያደርግ ነገር ቢኖር ምን ሊሆን ይችላል?» አልኳቸው። «እሱማ… ፌሮው ገና ከመጋዘን አልወጣም። ሁለት ልጆችም ታመውብኛል» አሉኝ። ሁለቱም መልስ እውነት ነበር። የመጀመሪያው ለእኔ ያላቸው አክብሮት ነው፤ ሁለተኛው የሥራው ሁኔታ። አንዱን ብቻ ሰምቼ ብሄድ ኖሮ ሐሙስ ዕለት «ዋሹኝ» ልል ነበር።

ከዚያ በኋላ ማን፣ መቼ፣ ምን ይዞ የሚለውን ጠይቀው በእሱ አንደበት ያስደግሙት። «ገባህ?» የሚለው ጥያቄ ምንም አይጠቅምም፤ መልሱ ሁልጊዜ አዎ ነው። «ለልጆቹ እንዴት ብለህ ትነግራቸዋለህ?» ብለው ቢጠይቁት የገባውንና ያልገባውን ሳያፍር ያሳይዎታል።

ተጠያቂው እርስዎ ከሆኑ ደግሞ ለውጭ አለቃ ባዶ «እሺ» አይመልሱ። ከሦስቱ አንዱን ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይምረጡ፦ «ሰምቻለሁ፣ አይቼ ከሰዓት በኋላ እስከ 17፡00 መልስ እሰጣለሁ»፤ «እስከ ዓርብ እጨርሳለሁ»፤ «እስከ ዓርብ አይደርስም፣ ግማሹን ዓርብ፣ ቀሪውን ማክሰኞ ማድረስ እችላለሁ»። ሦስተኛውን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲናገሩ ጉሮሮዎን ያንቅዎት ይሆናል። አለቃው ግን ብዙ ጊዜ በእፎይታ ነው የሚቀበለው። ሰባት ቀን አስቀድሞ የተነገረ መዘግየት ለእሱ የሚታቀድ ሥራ ነው፤ በማስረከቢያው ጠዋት የተነገረ ግን ክህደት ይመስለዋል።

4. ለአለቃ «ይህ ትክክል አይደለም» የሚባልበትን መንገድ አስቀድመው ያዘጋጁ

አለቃ ፊት ዝም ማለት የእኛ ብቻ ጠባይ ነው የሚሉ አሉ፤ አይደለም። ማርች 27 ቀን 1977 እ.ኤ.አ. በቴኔሪፍ አውሮፕላን ማረፊያ በጉም ውስጥ ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች ተጋጭተው 583 ሰዎች አልቀዋል። የኔዘርላንዱ አውሮፕላን ካፒቴን ፈቃድ ሳያገኝ ለመነሣት ሲንደረደር የበረራ መሐንዲሱ ሌላኛው አውሮፕላን ከመንገዱ መውጣቱን ጠይቆ ነበር። ካፒቴኑ በእርግጠኝነት መለሰለት፤ መሐንዲሱም ከዚያ በላይ አልገፋም። ደች ደግሞ በግልጽ ተናጋሪነቱ የሚታወቅ ሕዝብ ነው። የአቪዬሽኑ ዓለም ከዚህና ከመሰል አደጋዎች ተምሮ የበታች የበረራ ሠራተኞች ሥጋታቸውን እንዲናገሩ፣ ካፒቴኖችም እንዲሰሙ የሚያሠለጥን ሥርዓት ዘረጋ። ድፍረት ከሰው ጠባይ ብቻ አይጠበቅም፤ መናገሪያ መንገድ ይዘጋጅለታል።

በእርስዎ ቡድን ውስጥ ይህን ያድርጉ። አደጋ ባለበት ሥራ ላይ አንድ የማስቆሚያ ቃል ይስማሙ። ቃሉ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ቢሆን፣ ጥበቃውም ሆነ ዋናው መሐንዲስ ቢናገረው ሥራ ይቆማል፤ ምክንያቱ ከዚያ በኋላ ይጠየቃል። ከቃሉ በኋላ ያስቆመው ሰው ተሳስቶ ቢገኝም አይወቀስ። አንድ ጊዜ ከተወቀሰ ቃሉ ሞተ።

ለስብሰባ ደግሞ ጥያቄውን ከአንድ ቀን በፊት በጽሑፍ ይላኩ፤ በሁለተኛ ቋንቋው የሚናገር ሰው ሐሳቡን የሚያዘጋጅበት ጊዜ ይፈልጋል። ተራው ከወጣቱ ይጀምር፤ አለቃው መጨረሻ ይናገር። በእኛ ወግ ታላቅ ከተናገረ በኋላ ታናሽ ተቃርኖ አይናገርም። ይህን ወግ መጣስ አያስፈልግም፤ ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ይበቃል።

አቀርቅሮ መስማትንም ለውጭ አለቃዎ ያስረዱ። በእኛ ዘንድ ታላቅን ዓይን ዓይኑን አለማየት ጨዋነት ነው። አውሮፓዊ ወይም አሜሪካዊ ግን የሚደብቀው ነገር ያለው ሰው ይመስለዋል። ሥራ ፈላጊ ወጣቶች በቃለ መጠይቅ ላይ በዚህ ብቻ ሲጎዱ አይቻለሁ፤ ያሳዝነኛል።

5. ነቀፌታ እንዴት እንደሚሰጥና እንደሚወሰድ ይነጋገሩ

እስራኤላውያን ፊት ለፊት መናገርን «ዱግሪ» ይሉታል፤ በእነሱ ዘንድ ይህ የቅንነት ምልክት ነው። ከጀርመን ባልደረባ ሰላምታ የሌለው፣ አራት ስህተት የቆጠረ ኢሜይል ቢደርስዎት ብዙውን ጊዜ ተቆጥቶ አይደለም፤ ጊዜዎን ማክበሩ ነው። እኛ ደግሞ ከእንዴት አደርክ፣ ቤተሰብ ደህና ነው ሳይባል የመጣ ነገር እንደ ጥፊ ይሰማናል። እንዲህ ያለውን ኢሜይል ወዲያው አይመልሱ። ቃላቱን ብቻ ይዘው ድምፁን ይተዉት፤ አራቱን ስህተት ያርሙና «አርሜዋለሁ» ብለው ይላኩ። በአካል ሲገናኙ «እኛ ዘንድ ደብዳቤ በሰላምታ ይጀምራል፤ ሁለት ቃል ብትጨምርልኝ ደስ ይለኛል» ይበሉት። ሳይቆጡ የነገሩት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይቀበላል።

ከቻይናውያን ጋር የሚሠራ ሰው «ሚየንዝ» የሚለውን ቃል ይወቅ፤ ትርጉሙ ፊት ማለት ነው፤ ክብርን የሚወክል ቃል። እኛም «ፊት ነሳኝ»፣ «ፊት ሰጠው» እንላለን። በዚህ ረገድ ከአውሮፓዊው ይልቅ ለቻይናዊው እንቀርባለን። ሰውን በሠራተኞቹ ፊት ማረም በሁለታችንም ዘንድ ያቆስላል። ስህተቱን ለብቻ፣ ውጤቱን በጉባኤ መናገር ለሁለቱም ይሠራል።

ይህን ሁሉ እንደ መነሻ ግምት እንጂ እንደ ፍርድ አይያዙት። ቀስ ብሎ የሚናገር እስራኤላዊ፣ ሰዓት የማያከብር ጀርመናዊ፣ ፊት ለፊት የሚናገር ጎጃሜ አሉ። «አንተ ስህተቴን እንዴት እንድነግርህ ትመርጣለህ? በጽሑፍ ወይስ በቃል፣ ወዲያው ወይስ በቀኑ መጨረሻ?» ብሎ መጠየቅ ስለ አንድ አገር ከሚነገረው ሁሉ ይበልጣል።

6. በዓልን፣ ጾምንና ለቅሶን በአንድ ሰሌዳ ላይ ያውጡ

ዓመቱ ሲጀምር ገና ታኅሣሥ 29 እንጂ ዲሴምበር 25 አለመሆኑን፣ ጥምቀት ጥር 11 መሆኑን፣ ኢድ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀድሞ እንደሚመጣ፣ የቻይናውያን አዲስ ዓመት በጃንዋሪ መጨረሻ ወይም በፌብሩዋሪ እንደሚውል ጽፈው ግድግዳ ላይ ይለጥፉ። የቡድን ምሳ ረቡዕና ዓርብ አይያዝ፤ ከተያዘም የጾም ምግብ ይኑር። በረመዳን የቀን ግብዣ ይቅር፤ ከባድ ሥራም ወደ ጠዋት ይምጣ። እዚህ ላይ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልግም፤ ሰሌዳው ራሱ ያስታውሳል።

ለቅሶ ግን ማብራሪያ ይፈልጋል። በአንድ ጠዋት ስድስት ሠራተኛ ቀርቶ «የጓደኛችን አክስት ሞታ» ሲባል የውጭ አለቃ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የትዳር ጓደኛ፣ ወላጅ፣ ልጅ ወይም እስከ ሁለተኛ ደረጃ ያለ ዘመድ ሲሞት 3 የሥራ ቀን ከክፍያ ጋር ይሰጣል። አክስት በዚህ ውስጥ አትገባም፤ በእኛ ኑሮ ግን አሳድጋ ያስተማረች እናት ልትሆን ትችላለች። ለእንዲህ ያለው ከባድ ጉዳይ አዋጁ እስከ 5 ተከታታይ ቀን የሚደርስ ያለ ክፍያ ፈቃድ ይፈቅዳል። ለአለቃው ይህንን ያሳዩት፤ ስለ እድርም ይንገሩት። ሰው በሐዘኑ ቀን ማን እንደመጣና ማን እንደቀረ ዕድሜ ልኩን እንደሚያስታውስ ያስረዱት። ከዚያም ይስማሙ፦ በሥራ ሰዓት ሁለት ተወካይ ይሄዳል፤ ሌላው ከሥራ በኋላ በድርጅቱ መኪና ይደርሳል፤ አለቃው ራሱም ቢያንስ ለአሥር ደቂቃ ገብቶ ይቀመጥ። አንድ የውጭ ሥራ አስኪያጅ ምንም ቃል ሳይናገር፣ ባርኔጣውን አውልቆ ድንኳን ውስጥ ሲቀመጥ አይቻለሁ። ከዚያ ቀን በኋላ የነበረው የሠራተኛው ልብ ሌላ ነበር።

7. የጋራ ቃላት ያጠራቅሙ

ጋራዦቻችን ካቻቪቴ፣ ጎሚስታ፣ ፍሪሲዮን የሚሉትን ከጣሊያን፣ ባቡር ጣቢያው ለገሀር የሚለውን ከፈረንሳይኛ ወስደዋል። አብሮ የሠራ እጅ ቃል ይዋሳል። እርስዎም የመሣሪያና የብልሽት ስሞችን በሦስት ዓምድ ጽፈው ማሽኑ አጠገብ ይስቀሉ፤ ከጎናቸው ሥዕል ወይም ፎቶ ይኑር። አንዱን ዓምድ ለሠራተኛው የአፍ መፍቻ ቋንቋ ይተዉት። ሐዋሳ ላይ ሲዳምኛ ወይም ወላይትኛ ለሚናገር ልጅ አማርኛ ራሱ ሁለተኛ ቋንቋ ነው። እኛ በአማርኛ ፈጥነን ስንነግረው፣ በቅኔና በተረት ስናዋዛበት፣ የውጭ አለቃ በእንግሊዝኛ እኛን እንደሚያደርገን እያደረግነው ነው።

8. ሲጣሉ

መጣላት አይቀርም። በዚያው ቀን አንድ ጥያቄ ብቻ ለብቻ ይጠይቁ፦ «እኔ ምን ያልኩ መሰለህ?» መልሱን ሳያቋርጡ ይስሙ። ከዚያ «እኔ ማለት የፈለግሁት ይህ ነበር» ይበሉ፤ መከላከያ አይጨምሩ። በሁለታችሁ ካልተፈታ ሁለቱም ወገን የሚያከብረው አንድ ሦስተኛ ሰው ይጥሩ። ሽምግልና የምናውቀው ሥራ ነው፤ ለቢሮም ያገለግላል። ሽማግሌው ግን የሁለቱን ቋንቋ በደንብ የሚያውቅ ይሁን፤ ተርጓሚ በሽምግልና መሐል ሲገባ ቁጣው ይተረጎማል፣ ጸጸቱ ይቀራል።

ስምምነቱን በአንድ ገጽ ላይ ጽፈው ቀን ያድርጉበት፤ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር። እኛ ከመሐንዲሱ ጋር የተስማማነው ገጽ አራት መስመር ነበረው። የመጀመሪያው መስመር «ሙሌት ከመጀመሩ በፊት በዋዜማው ስልክ ይደወላል፤ ሰዓቱ ጠዋት ወይም ከሰዓት ተብሎ በሁለቱም ሰው አፍ ይነገራል» ይል ነበር። ወረቀቱ ሕንፃው እስኪያልቅ የሳይት ቢሮው በር ላይ ተለጥፎ ቆየ፤ ከዚያም በኋላ ሚክሰር በከንቱ አልተደፋም።